የጌርቲ ማሊናክ መጋረጃ

ጌርቲ ማሊናክ ባለፈው የኦክቶበር ወር ውስጥ ሦስት ቀን ጠዋት መጋረጃዋን ሳታነሳ ቀረች። ሦስቱንም ቀን ያነሳሁላት እኔ ነኝ። አሁን ስጽፈው ቀላል ነገር ይመስላል። ያን ጊዜም ቀላል ነበር፤ እስከ ዛሬ የሚያስደነግጠኝም ይኸው ነው።

እኛ የከሰል ማዕድን ከተማ በነበረችው ብሬነር ውስጥ፣ ላይኛው መንገድ ላይ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት የፊት ለፊቱን መስኮት መጋረጃ ወደ ላይ እንጠቀልላለን። ፀሐይ ፈልገን አይደለም፤ ፀሐይዋ ከከሰሉ ጥራጊ ክምር ጀርባ እስክትወጣ አምስት ሰዓት ይሆናል። «ተነስቻለሁ፣ በሕይወት አለሁ» ለማለት ነው። ሦስት ሰዓት ሆኖ መጋረጃው እንደወረደ ከሆነ፣ ግድግዳ የሚጋራው ጎረቤት ቁልፉን ይዞ ይገባል። ይህን ያመጣነው አና ሲርኮ ከሞተች በኋላ ነው። አና ወጥ ቤቷ ውስጥ ወድቃ አራት ቀን ቆየች፤ እኛ ግን ሬዲዮዋ ሲዘፍን እየሰማን «አና ሰሞኑን ደስ ብሏታል» እንባባል ነበር። በሳምንቱ ሐሙስ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ድንች የሚሞላበትን የፒሮጊ ሊጥ ስንዳምጥ፣ ጌርቲ ናት እጇን ከዱቄቱ አራግፋ «መጋረጃ ሁላችንም አለን አይደል?» ያለችው። ሃያ ሁለት ዓመት ሆነው።

ያን ጊዜ በመንገዳችን ሠላሳ አራት መጋረጃ ይነሳ ነበር። ባለፈው ኦክቶበር ስምንት ነበርን። ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል፣ ባንኩ ሄዷል፣ የሸሚዝ ፋብሪካው ጣሪያ ወደ ውስጥ ገብቷል። ከንቲባ ግን አለን፣ ምክር ቤትም አለን፤ ስድስት ሰዓት ሲሆን የእሳት አደጋ ቤቱ ሳይረን ይጮኻል፣ ውሻ ሁሉ አብሮት ይጮኻል። ልጆቻችን መጋዘን ወዳለበት ወደ አውራ ጎዳናው ሄዱ፣ የልጅ ልጆቻችን ደግሞ ከዚያም ወዲያ። እኔ ያሳደግኳት የልጅ ልጄ ጆስሊን ኦሃዮ ነርስ ናት።

የእኔና የጌርቲ ቤት አንድ ቤት ነው፤ መሀሉ ላይ ግድግዳ ያለበት። የማዕድን ኩባንያው ሲሠራው እንጨት ቆጥቦ ነው መሰለኝ፣ የማይሰማ ነገር የለም። ጌርቲ ውሃ ስትከፍት ቧንቧው በእኔ ግድግዳ ውስጥ ያቃስታል። ሳስነጥስ ከወዲያ «ይማርሽ!» ትለኛለች፤ «ያኑርሽ!» እላታለሁ። ባለቤቴ ኤሚል ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ከዚያ ወዲህ በቤቴ ውስጥ ድምፅ ማለት ጌርቲ ናት።

በጁላይ ምጣድ ጥዳ ረሳች፤ የዕቃ መጥረጊያ ጨርቁ ነደደ። ልጇ ኮኒ በዚያው ቀን ከአለንታውን ከተማ መጣች። የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። ጨርቁን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ «እማዬ፣ ከእንግዲህ አንድ ነገር ቢደገም ከእኔ ጋር ነው የምትሄጂው። ልቅሶ የለም፣ ክርክር የለም» አለቻት።

«አለንታውን ሄጄ ምን ልሠራ? የመኪና ማቆሚያ ሳይ ልዋል?» አለች ጌርቲ።

ኮኒ ስትወጣ በረንዳ ላይ ያዘችኝ። በልጅነቷ እዚሁ በረንዳ ላይ ነው ጥርሷ የወለቀው፣ እኔ ነኝ በጨው ውሃ ያጠብኩላት። «አክስት ፓውሊን፣ ዓይኔ አንቺ ነሽ። አንድ ነገር ብታዪ ትነግሪኛለሽ አይደል?»

«እነግርሻለሁ» አልኳት። የምር ነበር።

ከሦስቱ ጠዋቶች በመጀመሪያው፣ ሦስት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው፣ በረንዳችን ላይ ወጥቼ ጎንበስ ብዬ አየሁ። ወርዷል።  የቁልፉን ቀዳዳ ሦስት ጊዜ ሳትኩት። ስገባ ጌርቲ አልጋዋ ጫፍ ላይ ካፖርቷን ለብሳ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።

«መሸ እኮ ፓውሊን፤ ኮኒ ከትምህርት ቤት አልመጣችም» አለችኝ።

«ገና ነግቶ ነው፣ ጌርቲ።»

ዓይኖቿን ጨፈን ከፈት አደረገች። ከዚያ እንደ ነቃ ሰው «ምን አስቆመሽ ታዲያ? ቡናው በራሱ አይፈላም» አለችኝ። በቃ፤ ተመልሳ መጣች። እኔም ወደ ፊት ለፊቱ ክፍል ሄጄ ገመዱን ሳብኩና መጋረጃውን አነሳሁት። ከመንገዱ ማዶ ሊዮ ቡርዳ ኩባያውን ይዞ በረንዳው ላይ ቆሞ ነበር። ሊዮ የምክር ቤቱ አባል ነው፤ ሥራ ካቆመ ጀምሮ በየጠዋቱ የሁላችንንም መጋረጃ ይቆጥራል። ኩባያውን ከፍ አደረገልኝ። ጌርቲ መስዬው ነው፤ መስተዋቱ ጭጋግ ነበረበት። እጄን አወዛወዝኩለት።

ከሰዓት በኋላ ፖስታ ቤት አገኘሁት። «የጎረቤትሽ መጋረጃ በመጨረሻው ደቂቃ ነው ዛሬ የተነሳው፤ ጫማዬን አጥልቄ ነበር» አለኝ።

«ፀጉሯን በቢጎዲን እየጠቀለለች ነበር።»

«በሰማንያ አራት ዓመቷ? ለማን?»

«ላንተ ነዋ!» ስለው የፖስታ ቤቷ ሠራተኛ ሳትቀር ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ውሸት እንዲህ ሲሳቅበት ምንም አይመስልም።

ሁለተኛው ጠዋት ከስድስት ቀን በኋላ መጣ፣ ሦስተኛው በማግሥቱ። ሐሙስ ዕለት ፒሮጊ ልንሠራ ስንሄድ ክንዷን ይዤ ወሰድኳት። እጆቿ ምንም አልረሱም። በአይብ የለወስነውን ድንች ሊጡ መሀል ታደርግና ጠርዙን ስትቆነጥጥ፣ ከእሷ እጅ የወጣ ፒሮጊ ውሃ ውስጥ ተከፍቶ አያውቅም። ግን በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁለት ጊዜ «አና ሲርኮ ዛሬ ቀረች እንዴ?» አለች። የመጀመሪያውን ጊዜ ሁሉም ወደ ሊጣቸው አቀረቀሩ። ሁለተኛውን ጊዜ እኔ ቀድሜ «ጌርቲ ስትቀልድ አታውቋትም? አና የቀረችው ሽንኩርት መላጥ ስለማትወድ ነው» አልኩ። ሳቁ። ጌርቲም ሳቀች፤ ዓይኗ ግን እኔ ላይ ነበር፤ ምን እንዳልኩ አልገባትም።

እሑድ ጆስሊን ደወለች። እኛ ዘንድ ሴት አያት «ባባ» ነው የምትባለው። አፌን ሳልከፍት «ባባ፣ መንገዱ ደረቅ ነው፣ ጎማዬ አዲስ ነው፣ ሹራብ ለብሻለሁ፣ በልቻለሁ። ሌላ ጥያቄ አለ?» አለችኝ።

«ምን በላሽ?»

«ወይ ጉድ!»

ከዚያ እንደ ዋዛ ጠየቅኋት። «አንዲት የማውቃት ሴት አለች፤ ጠዋት ጠዋት ትንሽ ግራ ይገባታል። ከሰዓት በኋላ ደህና ናት። ይሄ ዕድሜ ነው እንጂ በሽታ አይባልም አይደል?»

 ነርስነቷ በስልኩ ውስጥ ሲመጣ ይታወቀኛል። «ጌርቲ ናት አይደል?»

«ጌርቲ አልኩሽ?»

«ባባ፣ ለኮኒ ንገሪያት። ዛሬውኑ። ተናድጄ አይደለም፤ ግን ዛሬውኑ።»

«እሺ» አልኳት። ዘጋሁና ስልኩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ከግድግዳው ወዲያ ጌርቲ ማንኪያ እያጠበች ለራሷ ታወራለች። ይህ ድምፅ ባይኖር፣ አልኩ በልቤ፣ ክረምቱ እንዴት ነው የሚያልቀው? አልደወልኩም። ማክሰኞ ኮኒ ራሷ ደወለችና «እማዬ እንዴት ናት?» አለችኝ። «እንደ ሁልጊዜው ናት» አልኳት። እሷም «ተመስገን፣ አንቺ ባትኖሪ ምን እሆን ነበር?» አለች። ያን ሌሊት ጋዙን ዘግቼ እንደሆነ ለማየት አራት ጊዜ ተነሳሁ።

ኖቬምበር ሲገባ በረንዳው በረዶ ያዘ። ጉልበቴ ሰባ ሰባት ዓመቱ ነው። በየጠዋቱ እየተንሸራተትኩ ከምወጣ፣ ለምን መጋረጃው ሌሊቱንም አይነሳም? አልኩ። አንድ ማታ ጌርቲ ከተኛች በኋላ ገባሁና ጠቅልዬ ገመዱን ላይኛው ሚስማር ላይ አሰርኩት። እሷ አላስተዋለችም። ሊዮም ቢሆን የሚያየው ጠዋት ነው። መጋረጃው ቀንም ሌሊትም «አለሁ» ይል ጀመር። እኔም ከብዙ ቀን በኋላ ደህና ተኛሁ። ይህንን መጻፍ ያሳፍረኛል፣ ግን እንዲያ ነው፤ ደህና ተኛሁ።

ሳምንት ካለፈ በኋላ፣ ማክሰኞ ዕለት፣ የዓይን ቀጠሮ ነበረኝ። የአረጋውያኑ አውቶቡስ ሁለት ሰዓት ላይ መጥቶ ወሰደኝ። የመጀመሪያው ትልቅ በረዶ ሌሊቱን ወርዶ ነበር። ስሳፈር የጌርቲን መስኮት አየሁት፤ ተነስቷል። እኔ ያሰርኩት መጋረጃ መሆኑን እያወቅሁ፣ አይቼው ተረጋጋሁ። ራሴን በራሴ አታለልኩ ማለት ነው። ሐኪሙ ዓይኔ ውስጥ ጠብታ ጨመረልኝ፣ ሌሎቹን ተሳፋሪዎች ጠበቅን፣ ስመለስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ነበር።

የበረንዳዋ ደረጃ ተጠርጓል፤ ሊዮ ነው። ዳቦ ገዝቼላት ስለነበር አንኳኳሁ። መልስ የለም። ስገባ ቤቱ ቀዝቅዟል፣ የምድር ቤቱ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ታች መብራት በርቷል።

ጌርቲ ደረጃው ሥር በሌሊት ልብሷ ተቀምጣለች። ከሰል የምናነድበት ምድጃ ከተነሳ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ እሷ ግን አካፋ ይዛለች። አንድ እግሯ መሄድ በማይገባው በኩል ሄዷል። ከንፈሯ ሰማያዊ ነው። ካፖርቴን አውልቄ አለበስኳትና ከኋላዋ ተቀምጬ አቀፍኳት። እንደ እንጨት ደርቃለች።

«ፓውሊን» አለችኝ፤ አእምሮዋ ጥርት ብሎ። «ለምንድነው ያልመጣችሁት?»

«መጣሁ፤ ይኸው መጣሁ።»

«ሳላነሳው እኮ ነው የወረድኩት። መጋረጃውን። እሳት ላነድ ብዬ… ስወድቅ አልፈራሁም። ሦስት ሰዓት ሲሆን ይመጣሉ አልኩ። ሊዮ ከላይ በረዶ ሲዝቅ ሰማሁት። ጮህኩ። ያፏጫል። ኋላ ሳይረኑ ጮኸ። ስድስት ሰዓት ሆነ ማለት ነው፤ እንዴት እስካሁን አላዩትም? አልኩ። መጋረጃዬ ወርዶ እያለ እንዴት አላያችሁም?»

ወደ ላይ ወጥቼ አምቡላንስ ጠራሁ።

ዳሌዋ ተሰብሯል። በማግሥቱ ሊዮ በመኪናው ሆስፒታል ወሰደኝ። ሊዮ መንገድ ሙሉ ሲያወራ የሚውል ሰው ነው፤ ስለ ምክር ቤቱ፣ ስለ ከንቲባው አዲስ ጥርስ። የዚያን ቀን ግን አንድ ነገር ብቻ ነው ያለው፣ እሱንም ሁለት ጊዜ። «ተነስቶ አየሁት ፓውሊን። ተነስቷል ብዬ በረዶዬን ጠርጌ፣ እያፏጨሁ፣ ገብቼ እንቁላል በላሁ። እሷ ከእግሬ ሥር ነበረች።»  እኔ በመስኮት አሻግሬ አየሁ። መንገዱ ያዳልጣል፣ ያዳልጣል እያልኩ ነበር በልቤ፤ የፈራሁት ግን መንገዱን አልነበረም።

ኮኒ ኮሪደሩ ላይ ተቀበለችን። ሌሊቱን አልተኛችም። አቅፋኝ ስታለቅስ ትከሻዬ ረጠበ። «አንቺ ባትደርሺላት ኖሮ ሞታ ነበር» አለችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ዳሌው ይጠገናል ብለዋል። ጭንቅላቷ ነው። ሐኪሙን መጋረጃውን አላነሳሁትም፣ አላነሳሁትም ትለዋለች። ሊዮ ተነስቶ አይቶታል፣ የአምቡላንሱም ልጆች አይተውታል። ራሷ አንስታው ከዚያ ወርዳለች፤ አሁን አላነሳሁትም ብላ ትምላለች። ሐኪሙ ይህን ሲሰማ፣ ከአንድ ሰዓት በፊት ያደረገችውን ካላወቀች ቤት ልትወስጃት አትችዪም፣ በሩ የሚቆለፍበት ቦታ ነው የሚያስፈልጋት አለኝ። ዛሬ የመግቢያውን ወረቀት ልፈርም ነው።»

ሁሉም ሰው የራሱን መልስ አግኝቶ ነበር። መጋረጃውን ጌርቲ አነሳችው፣ ወደቀች፣ ረሳች። እኔን የሚጠይቀኝ ማንም የለም። እስከ ዛሬ ሳስበው የምደነግጠው ለምን ያህል ጊዜ ዝም እንዳልኩ ነው። ነርሷ የምግብ ጋሪ እየገፋች መጣች፣ አለፈችን፣ መጨረሻው በር ጋ ደረሰች። ያን ያህል ዝም አልኩ።

«ልያት» አልኩ።

ሦስታችንም ገባን። ጌርቲ ነጭ አንሶላ ውስጥ የሕፃን ያህል ትንሽ ሆና ተኝታለች። ሲያዩኝ ዓይኖቿ ተናደዱ። «ንገሪያቸው ፓውሊን። እብድ ናት እያሉኝ ነው። አላነሳሁትም።»

«አላነሳችውም» አልኩ። የአልጋውን ብረት ያዝኩ። «እኔ ነኝ ያነሳሁት። ከአሥር ቀን በፊት ጠቅልዬ አሰርኩት። ከዚያ በፊትም ሦስት ጠዋት አንስቼላታለሁ። ማንም እንዳያውቅ። ጌርቲ ያለችው ሁሉ እውነት ነው።»

የመጀመሪያዋ ተናጋሪ ጌርቲ ሆነች። «ይኸው! አላልኳችሁም?» አለች፤ ያሸነፈች መስሏት ኮኒን ጠቆመቻት። ከዚያ ቀስ ብሎ ገባት። ፊቷ ወደ እኔ ዞረ። «ለምን?»

«እንዳትሄጂብኝ።»

 «ሞኝ» አለች። «ብትነግሪኝ አብረን እንዋሽ ነበር።»

ሊዮ ባርኔጣውን አንስቶ ወጣ። ኮኒ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። «ሦስት ጠዋት» አለች። «ደውዬልዎት ነበር። ተመስገን ብዬዎት ነበር።» እርስዎ አለችኝ። ከተወለደች ጀምሮ አንቺ፣ አክስት ፓውሊን ነበርኩ። «ወይዘሮ ሆድኒክ፣ የእናቴን ቁልፍ ይሰጡኛል?»

ቁልፉ ከራሴው ቁልፍ ጋር አንድ ቀለበት ላይ ነው። ጣቴ እምቢ አለኝ። ኮኒ አልረዳችኝም፤ ቆማ ጠበቀች። ወረቀቱን ግን አልፈረመችም። ሐኪሙን መልሳ ጠርታ ነገረችው፣ እሱም ጌርቲን እንደገና ጠየቃት፣ እሷም ስለ ሳይረኑ፣ ስለ አካፋው ድምፅ፣ ስለ ፉጨቱ አንድ በአንድ ነገረችው። ጌርቲ በር የሚቆለፍበት ቦታ አልገባችም። አለንታውን ኮኒ ቤት፣ ምድር ቤት በሌለበት ፎቅ ላይ ናት።

ዲሴምበር ላይ ኮኒ ከሁለት ወንዶች ጋር መጥታ ዕቃውን ጫነች። እኔ ሾርባ ሠርቼ ነበር። ደፍሬ አንኳኳሁ፤ «በልተናል፣ አመሰግናለሁ» አለችኝ። ስትሄድ የቤቱ ውሃ ተዘጋ። ማታ አስነጠስኩ። ቆየሁ፣ ጆሮዬን ሰጥቼ፤ ከዚያ ሁለተኛ ጊዜ አስነጠስኩና አፍንጫዬን ጠረግሁ።

ሐሙስ ወደ ፒሮጊው ሄድኩ። መሄዱ ከባድ ነበር፣ ግን ነገሩ የሁላቸውም ስለሆነ በእኔ አፍ መሰማት ነበረበት። ዱቄት እጃቸው ላይ እንዳለ ነገርኳቸው። አልሰደቡኝም። አንዷ ብቻ «ታዲያ ከእንግዲህ የማንን መጋረጃ ነው የምናምነው?» አለች።  ተስማምተው መጋረጃውን ተዉት። ሃያ ሁለት ዓመት የቆየ ነገር በአንድ ሐሙስ ቀረ። ከእንግዲህ አንዱ የአንዱን በር በአካል ሄዶ ያንኳኳል፤ ድምፅ ሳይሰማ አይመለስም። ጥንድ ጥንድ ሆኑ። ስድስት ስለነበሩ ማንም ሳይተርፍ ሦስት ጥንድ ወጣቸው። የመንገዱ ሰባተኛ እኔ ነኝ፤ ከማንም ጋር አልተጣመርኩም። ሊጤን መዳመጥ ቀጠልኩ። ሊዮ በሩ አጠገብ የድንች ከረጢት አስቀምጦ ወገቡን ሲያቀና «የእሷን ጨምሬ እኔ አንኳኳለሁ» አለ። ወደ እኔ አላየም።

አሁን በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ይመጣል። ጫማውን ደረጃው ላይ ሲያራግፍ እሰማለሁ። ሁለት ጊዜ ያንኳኳል።

«አለሁ ሊዮ» እላለሁ።

«እሺ ፓውሊን።»

አንድ ቀን በሩን ከፍቼ «ቡና አለ፤ ሙቅ ነው» አልኩት። «ሌሎቹም ይጠብቁኛል» አለ። የሚጠብቀው አንድ በር ብቻ ነው፤ አውቃለሁ። አንድ ቀን ደግሞ ስለ ከንቲባው ጥርስ ጠየቅሁት። «ደህና ነው» አለኝ። ቂም ቢይዝብኝ አልወቅሰውም። ሲያፏጭ ከሰማሁት ቆየሁ።

ሰባ አንድ ዓመቱ ነው፣ ዘንድሮ በረዶው አይቀልጥም። ማታ ሳልተኛ ደረጃውን ጨው እበትንበታለሁ፣ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነስቼ እደግመዋለሁ። አንኳክቶ ሲመለስ በመስኮት አየዋለሁ። የግራ እጁን ከደረጃው ብረት ላይ እንዳያነሳ እፈራለሁ። ሦስተኛዋ ደረጃ ትንሽ ተሰንጥቃለች፤ ልንገረው እላለሁ፣ ግን እሱ ከሄደ በኋላ ነው የሚታወሰኝ።